በገዛ ራሳችን ላይ ፀጉረ ልውጥ

አማርኛ ባዕዱን ሰው የሚጠራበት አንድ የቆየ ቃል አለው፤ «ፀጉረ ልውጥ» ይለዋል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ መንደሩ ያልለመደው፣ ዘበኛ ዐይኑን የሚጥልበት ሰው ማለት ነው። ቃሉን ያወጡት አባቶች የራሳቸውን ሰው ከሌላው የሚለዩት በፀጉሩ እንደነበረ ከቃሉ መረዳት ይቻላል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ከሩቅ ስለመጣው ፀጉረ ልውጥ ለማውራት አይደለም፤ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ በገዛ ራሱ ላይ ለበቀለው ፀጉር ባዕድ ስለሆነው ሰው ነው። ይህን መሰሉ ሰው አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ዋሽንግተንም ሞልቷል። እኔ አብልጬ የማውቀው ድሬዳዋን ነውና ከድሬ ልነሣ።

ነገሬን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። ከርዳዳ ፀጉር ጠባይ ያለው ፀጉር ነው። ጠባዩን ላወቀለት ይታዘዛል፤ ላላወቀለት ይሰበራል። እኛ ጠባዩን የሚያውቁ እናቶች ልጆች ነበርን። እውቀቱን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ጣልነው፤ መጣላችንንም ረሳነው፤ ከዚያ «ፀጉሩ አስቸጋሪ ነው» ብለን ፈረድንበት። ከፈረድን በኋላም ፍርዱን እንዲያስፈጽም ለፀጉር ቤት አስረከብነው። ይህ ጽሑፍ ይግባኝ ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንመልከት። «ዞማ» ስንል ማሞገሳችን ነው፤ ዘፋኙ ሁሉ ለሚወዳት የሚመርቅላት ፀጉር ዞማ ነው። «ሉጫ» ስንል ትንሽ ቅናት ጨምረን ማድነቃችን ነው። «ከርዳዳ» ስንል ግን ድምፃችን ይለወጣል። ሴት ልጅ ስትወለድ አራስ ጠያቂው ተሰብስቦ አስቀድሞ የሚመረምረው ሁለት ነገር ነው፤ ጆሮዋን ገለጥ አድርጎ የቆዳዋን ቀለም ይተነብያል፣ ቀጥሎ ፀጉሯን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ዕድሏን ይናገራል። «ምን ያደርጋል፣ የአባቷን ፀጉር ወሰደች!» ይባላል። ገና ስም ሳይወጣላት ተፈርዶባታል።

ይህ ፍርድ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ መናገሩ ግን ያሳፍረናል። በዚህች አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን የአፍንጫ ቅርጽ፣ የከንፈር ውፍረትና የፀጉር መጠቅለል «ጨዋ» የተባለውን «ባሪያ» ከተባለው ለመለየት እንደ ማስረጃ ይቀርቡ ነበር። አዋጁ ሰዎቹን ነጻ አወጣ፤ ስድቡን የሻረ አዋጅ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። አንዲት እናት የልጇን ፀጉር እያበጠረች «ኧረ ይሄ የባሪያ ፀጉር!» ስትል ሰምቻለሁ፤ እናንተም ሰምታችኋል። ያቺ እናት ክፉ ሰው አይደለችም። ልጇን ትወዳለች። ግን በእጇ የያዘችው ሚዶ ጥርሱ ከ1934 ዓ.ም. ወዲያ ማዶ የተሳለ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ማታለያ አለን፤ «የሐበሻ ፀጉር ለስላሳ ነው፣ እኛ እንደ ሌላው ጥቁር አይደለንም» የሚለው። እስቲ አንድ ቀን ጠዋት ቀፊራ ገበያ ቁሙና የሚያልፈውን ራስ ተመልከቱ። ሉጫ አለ፤ ጥምዝምዝ ያለ አለ፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ የተጠቀለለ አለ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ራስ ላይ ይገኛሉ። ከፊት ለስላሳ፣ ከማጅራት ክርድድ ያለ ፀጉር ያላት ሴት የምለውን ታውቃለች። ስለ «ሐበሻ ፀጉር» የምናወራው ተረት በራሳችን ላይ ያለውን እንዳናይ ከመጋረድ በቀር የሰጠን ጥቅም የለም።

በደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን አንድ አሳፋሪ ፈተና ነበረ። የሰውየው ዘር ያጠራጠረ እንደሆነ እርሳስ በፀጉሩ መካከል ይሰኩበት ነበር። እርሳሱ ሸርተት ብሎ ከወደቀ ወደ ነጮቹ ይጠጋል፤ ተሰክቶ ከቀረ ከነጮቹ መዝገብ ይወጣል። ይህን ስንሰማ ይዘገንነናል። እኛ ግን እርሳሱን በኪሳችን ይዘን ነው የምንዞረው። ሚዜ ስንመርጥ፣ ለወንድማችን ሚስት ስናጭ፣ ለእንግዳ መቀበያ ወንበር ሠራተኛ ስንፈልግ ብቅ እናደርገዋለን።

ድሬዳዋ ለዚህ ክርክር የተፈጠረች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከደጋ የወረደውንና ከባሕር ማዶ የመጣውን ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪው፣ ከአርጎባው ጋር በአንድ ያኖረች ናት። ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ፤ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ሱቅ ከፍቶባታል። ስለዚህም በድሬ «የማን ዘር ነህ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር፤ «የድሬ ልጅ ነኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ይኸው «የድሬ ልጅ» ተባብሎ የተቃቀፈ ሰው ስለ እህቱ ፀጉር ሲያወራ ከአፉ የሚወጣው ቃል ከሌላው አገር ቃል አይለይም። አቦ፣ ፍቅራችን እስከ ግንባር ድረስ ብቻ ነው እንዴ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባሉት ፀጉር ቤቶች ደጃፍ እለፉ። ካስኩ ያጓራል፤ ፒያስትራው ይጨሳል፤ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱ ድረስ ይወጣል። አማርኛችን ለዚህ ሥራ ያወጣለት ስም ራሱ ይገርመኛል፤ ፀጉር «ይተኮሳል» እንላለን። ጥይት ይተኮሳል፤ ሸሚዝ ይተኮሳል፤ ፀጉርም ይተኮሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ላብ በሚያጠምቅበት ከተማ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በጋለ ብረት ይጠበሳል። በማግስቱ በላቡ ተመልሶ ይጠቀለላል። በሳምንቱ ደግሞ ይተኮሳል። ይህ ሲሰለች ወደ ሪላክሰር መሻገር ይመጣል።

ለመሆኑ ሪላክሰር ማለት ምንድን ነው? ታይዋን ገበያ በቀለም ያሸበረቀ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ይሸጣል፤ ካርቶኑ ላይ የምትስቅ ሴት አለች። ጠንካራው ዓይነት ውስጡ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና ፋብሪካ የሚጠቀምበት፣ የተዘጋ ቱቦ የሚከፈትበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። «ሶዳ የለበትም» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና የጓኒዲን ውህድ ተደባልቀው የሚሠሩት ያው የሚያቃጥል አልካሊ ነው። ፒኤቹ 12 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሥራው ፀጉሩን ጠምዝዞ የያዘውን የድኝ ማያያዣ መበጠስ ነው። ማያያዣው አንዴ ከተበጠሰ ያ ፀጉር ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ቀጥ ይላል፣ ጉልበቱ ግን ያልቃል። የራስ ቆዳ ላይ ካረፈና ከቆየ ደግሞ ቆዳውን ይበላል።

የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ለዘመድ ሠርግ ከሙሽራዋ ፊት አበባ እንድትይዝ ተመረጠች። ስሙን ወደማልጠራው አንድ ፀጉር ቤት ወሰዷት። «አቃጠለኝ» አለች። «ትንሽ ታገሺ የኔ ቆንጆ፣ ውበት እንዲህ ነው» አሏት። ሁለተኛ «አቃጠለኝ» አለች፤ ሳቁባት። ሲታጠብ ከጆሮዋ ጀርባ እስከ ማጅራቷ ቆዳው ተልጦ ነበር። የሠርጉ ፎቶ አምሮ ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ፀጉር ራሷ ላይ ከሚቀረው የሚበልጥ መሰለን። ባለ ፀጉር ቤቷ ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አይጠፋም፤ «ፀጉሯ ነው እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ!» አለች። አንባቢ ይፍረድ። ሶዳው ንጹሕ፣ ሶዳውን የቀባው እጅ ንጹሕ፣ ጥፋተኛው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፀጉር!

ነገሩ በቆዳ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል ተከታትሏል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙት ሴቶች ጨርሶ ካልተጠቀሙት ይልቅ በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በቁጥር ሲቀመጥ፣ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ በዚህ በሽታ ይያዛሉ ተብለው የተገመቱት ካልተጠቀሙት ውስጥ 1.64 በመቶ ሲሆኑ፣ አዘውትረው ከተጠቀሙት ውስጥ 4.05 በመቶ ናቸው። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ «ገዳዩ ይህ ነው» ብሎ አልፈረደም፤ በሽታውም በየቤቱ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ነጋዴ ዱቄት ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ቢነሣ የድሬ እናት ያን ዱቄት ጋግራ ለልጇ ታበላለች? ዱቄት ሲሆን የምንጠነቀቀውን፣ ከራስ ቆዳ ጋር የሚነካካ ሲሆን ለምን ዐይናችንን እንጨፍናለን?

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ችግር እያለብን ስለ ፀጉር ታወሪያለሽ?» የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። አውቀዋለሁ። ይኸው ወንድም የሚያገባትን ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ፀጉር ነው። ቅንጦት ነው ካልክ፣ ወንድሜ፣ የቅንጦቱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍለው አስላው። ወር ጠብቃ ደመወዝ የምትቀበል አስተናጋጅ፣ በጉልት የምትቸረችር ልጅ፣ ሥራ ፍለጋ ፎቶ የምትነሣ ተመራቂ፣ ሁሉም ከሌላቸው ላይ ቆርሰው ይከፍላሉ። ሳይከፍሉ ቢወጡ «ጨብራራ» ይባላሉና። ድሃ የሚከፍለው ግብር ቅንጦት ተብሎ አይጠራም።

ሌላዋ ደግሞ «የግል ምርጫዬ ነው» ትላለች። ዕድሜዋ የደረሰ፣ ጉዳቱን የተነገራት ሴት በራሷ ላይ ንግሥት ናት፤ ትተኮስ፣ ትቀባ፣ ብትፈልግም ትላጭ፣ ዊግም ታጥልቅ። እኔ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ምርጫ ማለት ሁለት ነገር ቀርቦ አንዱን ማንሣት ነው። ፀጉሯ ሳይተኮስ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚበጠር፣ እንዴት እንደሚያድር አንድም ሰው አሳይቷት የማያውቅ ልጅ ምኑን ከምን መረጠች?

ሦስተኛውና ከሁሉ የሰፋው ሐሰት «ከርዳዳ ፀጉር አያድግም» የሚለው ነው። ያድጋል። ፍጥነቱ ከሰው ሰው ትንሽ ቢለያይም ፀጉር ሁሉ ከሥሩ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ርዝመቱ የማይታየን ጫፉ በዚያው ፍጥነት እየተሰበረ ስለሚያልቅ ነው። ለምን ይሰበራል? የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በከርዳዳው ላይ ግን ከደንገጎ ወደ ድሬ እንደሚወርደው መንገድ በየጥምዝምዙ ይዘገያል፤ ጫፉ ጋ ሳይደርስም ይቀራል። ስለዚህ ሥሩ ወዛም፣ ጫፉ ደረቅ ይሆናል። በየእጥፋቱ ያለው ቦታ ደግሞ ስስ ነው። ይህን ደረቅና ስስ ፀጉር ጥርሱ በተቀራረበ ማበጠሪያ ከሥሩ ይዘን ወደታች ስንጎትተው ይበጠሳል፤ ከዚያ «አያድግም» ብለን እናወራበታለን። በየቀኑ ጫፉን እያጨዱ ሣሩ አላደገም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በድሬ ላይ ደግሞ የውሃው ጉዳይ አለ። የድሬን ውሃ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ ነውና ማንቆርቆሪያችንን በነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ይህ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ አረፋው እምቢ ይላል፤ በምትኩ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል። በልብስ ሳሙና ፀጉሯን የታጠበች የድሬ ልጅ ራሷ ላይ የሚቀረው ያ ዝቃጭ ነው። ፀጉሩ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል፤ ጣት አያስገባም። ከዚያ «እዪው፣ እንዲህ ነው አስቸጋሪነቱ» ትባላለች። አስቸጋሪው ውሃውና ሳሙናው ናቸው፤ ስሙ የሚጠፋው ፀጉሩ ነው።

የወንድሜን ልጅ ፀጉር እንዴት እንደምንይዝ ያስተማሩን አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ሶማሌ እናት ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ «ኤዶ» ይላቸዋል። የልጅቷ እናት በደረቁ ስታበጥራት አይተው «ናያ፣ የፍየል ቆዳ ነው እንዴ የምትፍቂው?» አሉና ማበጠሪያውን ከእጇ ወሰዱ። ከቀፊራ የተገዛ ቀሲል አመጡ። ቀሲል ሶማሌዎች ጎብ የሚሉት፣ የቁርቁራ ዘመድ የሆነ ዛፍ ቅጠል ደርቆ የተፈጨ ነው። በለብታ ውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል በቅጠሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ከድሬ ውሃ ጋርም እንደ ሳሙና አይጣላም። በዚህ የራስ ቆዳዋን በጣት ጫፍ አሽተው በብዙ ውሃ አለቀለቁት። ቀጥሎ ያደረጉትን ልብ በሉ። ፀጉሩ እንደ ራሰ፣ ውሃው ሳይጠፋለት፣ ጥቂት ዘይት በመዳፋቸው አሟሙቀው ቀቡት። አራት ቦታ ከፈሉት። መጀመሪያ በጣታቸው፣ ቀጥሎ ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ፣ ከጫፉ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ እየወጡ ፈቱት። ላላ አድርገው ጎነጎኑት። ማታ በሻሽ ጠቀለሉት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። በዓመቱ ቆዳው የተላጠበት ስፍራ በፀጉር ተሸፈነ። ልጅቷ ግን ዛሬም ፀጉር ቤት የሚባል ነገር ሲነሣ እጇ ወደ ጆሮዋ ጀርባ ይሄዳል።

ይህን ስል የድሮ ነገር ሁሉ ወርቅ ነው ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ስለ ቅቤ የማንወደው ነገር ካለ እንነጋገር። ቅቤ የፀጉርን እርጥበት እንዳይወጣ ይዘጋል እንጂ እርጥበት አይሰጥም። በደረቀ ፀጉር ላይ የተለደፈ ቅቤ ድርቀቱን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። እናቶቻችን አደስ ጨምረው ቀብተው፣ አሳድረው፣ በማግስቱ ሲያጥቡት ቅቤ መድኃኒት ነበር። ሳይታጠብ በላዩ ላይ የሚደራረበው ቅቤ ግን የድሬን አቧራ ይሰበስባል፤ በሙቀቱም ቀልጦ ወደ አንገት ይወርዳል። ሹሩባውም እንደዚሁ ነው። ዐይን እስኪቀላ፣ ቅንድብ እስኪሳብ ድረስ ተጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል። ከዓመት ዓመት ግንባራቸው ወደ ኋላ የሚሸሽ እህቶች ሞልተዋል። በላዩ ላይ አርቴፊሻል ፀጉር ሲቀጠልበት ሸክሙ ይብሳል። ልማድ ስለሆነ ብቻ ልክ አይሆንም፤ እውቀት ሲሆን ግን ልማድም ቢሆን ይከበራል።

እውቀት ነበረን ያልኩት በባዶ ሜዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባው በሐሳቡ የሚስል ኢትዮጵያዊ የለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሠዋ እንግሊዞቹ ከፀጉሩ ቆርጠው እንደ ምርኮ ወሰዱ። ያ ፀጉር ከ150 ዓመት በላይ በእንግሊዝ አገር ኖሮ፣ ለንደን የሚገኘው ናሽናል አርሚ ሙዚየም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መለሰው። ደስ አለን፤ ጋዜጣው ጻፈ፣ ቴሌቪዥኑ አሳየ። የአምስቱን ዓመት ወረራ የተዋጉት አርበኞችም በፎቶግራፍ ላይ የምናያቸው ጎፈሬያቸውን እንደ ዘውድ ደፍተው ነው። ዛሬ ያንን ጎፈሬ አሳድጎ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ «ዱርዬ» ይባላል። የመሪያችንን ፀጉር ከለንደን እናስመልሳለን፤ የልጃችንን ፀጉር ከትምህርት ቤት በር እንመልሳለን።

ከድሬ ሳንርቅ እንኳ ብንመለከት፣ የአፋሩ ወጣት ፀጉሩን በቅቤ አለስልሶ በጥንቃቄ ይጠቀልላል። በድሮው ባቡር መስመር ላይ፣ መተሐራ አካባቢ የሚኖረው የከረዩ ኦሮሞ ጉንፉራውን ያጎፍራል። ሐረር ያገባች ሴት ፀጉሯን ከጆሮዋ ጀርባ ለሁለት ከፍላ በጉፍታ ትሸፍነዋለች። በየሙዚየሙ የምናያቸው ከእንጨት የተጠረቡ የራስ ማሳረፊያ ብርኩማዎች የተሠሩት ሰው ተኝቶ ሳለ የፀጉሩ አሠራር እንዳይበላሽ ነው። ፀጉሩ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር አስቦ እንጨት የጠረበ ሕዝብ፣ ስለ ፀጉር አያውቅም ይባላል? ያ እውቀት አልሞተም። ከከተማ ፀጉር ቤት በር ላይ «ኋላ ቀር» ተብሎ ተመለሰ እንጂ።

ዓለም በዚህ ጉዳይ የት እንደደረሰ ማወቅ ለሚፈልግ ጥቂት ልጨምር። ቴዎድሮስ ፀጉሩ በተመለሰለት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2019 የካሊፎርኒያ ግዛት ማንም ሠራተኛ ወይም ተማሪ በተፈጥሮ ፀጉሩ ወይም በሹሩባው ምክንያት እንዳይገፋ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ.፣ በፕሪቶሪያ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጎፈሬያቸውን የሚነካባቸውን ደንብ በመቃወም ተሰለፉ፤ የመንግሥት አካላትም ጣልቃ ገቡ። ማልኮም ኤክስ በወጣትነቱ ፀጉሩን በሶዳ አስተኩሶ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በቁጭት ጽፏል። እምነታቸውን በራስ ተፈሪ ስም የጠሩት ጃማይካውያን ደግሞ ኢትዮጵያን ተስፋ አድርገው ፀጉራቸውን አስረዘሙ። እነርሱ ወደ እኛ ሲመለከቱ፣ እኛ ወደ ካርቶኑ ላይ ሴት እንመለከታለን።

እንግዲህ ምን ይሁን? እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የማይቻልም አይደለም።

ፀጉር ሥራ የሚያስተምሩ ሁሉ፣ ከመተኮስ በፊት ማጠብን ያስተምሩ። ከርዳዳ ፀጉርን በእርጥቡ መፍታት፣ ማርጠብ፣ ላላ አድርጎ መጎንጎን እንደ አንድ ሙያ ይቆጠርና ይፈተኑበት። ይህን የማታውቅ ሠሪ የሙያውን ግማሽ ብቻ ነው የያዘችው፤ በዚህች አገር ደግሞ የሚበልጠውን ግማሽ አልያዘችም።

ባለ ፀጉር ቤቶች፣ ልጆች ላይ ሪላክሰር አትቀቡ። አንድ ሕፃን «አቃጠለኝ» ያለ እንደሆነ ውሃ ይፈስሳል እንጂ «ታገሺ» አይባልም። ይህን ለመረዳት ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ የእናት አንጀት ይበቃል።

መምህራን፣ የልጁን ፀጉር ንጽሕና መመልከት መብታችሁ ነው፤ አበቃቀሉን መቅጣት ግን መብታችሁ አይደለም። አባቶችም ብትሆኑ «የሴት ሥራ ነው» ብላችሁ አትሽሹ። የሚስታችሁ ዘመዶች «የአባቷን ፀጉር ወሰደች» ብለው የሚያዝኑባት ልጅ ፀጉሯን ከእናንተ ነው ያገኘችው። ተቀመጡና ጎንጉኑላት። የጎነጎናችሁት ቢንጋደድም የምታስታውሰው የእጃችሁን ልስላሴ ነው።

የቀረው የአንቺ ድርሻ ነው፣ እህቴ። ነጋዴ በስብከት አይለወጥም፤ በገበያ ይለወጣል። በሚመጣው ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ሠሪዋን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያት፤ «ይህን ፀጉር ሳትተኩሺው አጥበሽ ማበጠር ታውቂበታለሽ?» በያት። ካላወቀችበት በትሕትና አመስግነሽ፣ ገንዘብሽን በቦርሳሽ እንደያዝሽ ውጪ። አንዷ ስትወጣ ይስቃሉ። ሦስተኛዋ ስትወጣ ይነጋገራሉ። ዐሥረኛዋ ስትወጣ ይማራሉ።